ቤትን በመጸው አበባና ሣር ስለ ማስጌጥ

(በሬዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች የተወሰደ)



ክረምቱ አልፎ ጭቃው ሲጠነክር፣ ወንዙ ሲጠራና ሰማዩ ሲገለጥ፣ የአገራችን ሰው ቤቱን የማጽዳትና የማስጌጥ ልማድ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። በገጠር ግድግዳው እንደ አዲስ ይመረጋል፤ ወለሉ ይለቀለቃል፤ የበዓሉ ዋዜማ ሲደርስም ቄጤማ ይጎዘጎዛል። በከተማም ቢሆን መጋረጃው ይታጠባል፤ ቀለም ይቀባል፤ ከገበያ የአደይ አበባ እቅፍ ተገዝቶ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በዛሬው ምሽት ላነጋግራችሁ ያሰብኩት ይህንኑ መልካም ልማድ መሠረት በማድረግ፣ ከሜዳና ከማሳ በሚገኙ ነገሮች ቤታችንን በገዛ እጃችን እንዴት ለማስጌጥ እንደምንችልና ጌጡም ለቀናት ብቻ ሳይሆን ለወራት እንዲቆይ ምን ማድረግ እንደሚገባን ነው። ከዚህም ጋር አንድ ልናስብበት የሚገባ ጉዳይ አለ። ይኸውም ሜዳው የሰጠንን ጌጥ ዘንድሮ ወስደን ለከርሞ ምን እንተውለታለን የሚለው ጥያቄ ነው።

አስቀድሜ ስለ ወቅቱ ጥቂት ልናገር። አባቶቻችን ዓመቱን በአራት ክፍል ሲከፍሉ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለውን ዘመን መጸው ብለውታል። ከዚሁም ውስጥ የመጀመሪያው ክፍል፣ ማለት እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው፣ ወርኃ ጽጌ ይባላል፤ ትርጓሜውም የአበባ ወር ማለት ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በእነዚሁ ወራት ቀኑ እያጠረ ብርዱም እየበረታ ስለሚሄድ፣ ለቅጠል አረንጓዴ መልኩን የሚሰጠው ንጥረ ነገር ይፈርሳል፤ ቅጠሉም ቢጫና ቀይ ሆኖ ይረግፋል። ስለዚህ የዚያ አገር ሰዎች በዚህ ወቅት ቤታቸውን የሚያስጌጡት በረገፈ ቅጠል፣ በዱባ፣ በቅልና በደረቀ የእህል ዛላ ነው። የእኛ መጸው ግን ሁለት መልክ አለው። መግቢያው አበባ ነው፤ መውጫው መከር ነው። በመግቢያው ሁሉም ነገር እርጥብና ለምለም ሲሆን፣ በመውጫው ሁሉም ነገር ደረቅና ወርቃማ ይሆናል።

ቤትን በተፈጥሮ ነገር ለማስጌጥ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህንን ልዩነት መረዳት አለበት። የመስከረም ጌጥ ለቀናት የተሰጠ ነው፤ ያምራል፣ ይሸታል፣ ከዚያም ይጠወልጋል። የጥቅምትና የኅዳር ጌጥ ግን በአግባቡ ከተያዘ እስከሚቀጥለው ክረምት ይቆያል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሁለቱን ስናደባልቅ ነው። የመስከረሙን አበባ እንዲቆይልን ስንል ከሚገባው በላይ እንለቅማለን፤ አልቆይ ሲለንም በሦስተኛው ቀን አውጥተን እንጥለዋለን። የኅዳሩን ጌጥ ግን ገለባ ነው ብለን በእግራችን እንረግጠዋለን።

ይህንን ለማስረዳት ከራሴ ልጅነት አንድ ነገር ላውጋችሁ። ከቤታችን ጀርባ ከእርሻው ድንበር ላይ አንድ ጠፍ መሬት ነበረ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ያ መሬት ከዳር እስከ ዳር በአደይ አበባ ተሸፍኖ ወርቅ የተነጠፈበት ይመስል ነበር። አንድ ዓመት እኔና ታናናሾቼ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተወዳድረን፣ የማን እቅፍ ይበልጣል በማለት ሦስት ቀን ሙሉ ስንለቅም ሰነበትን። ከሥሩ የተነቀለውም ብዙ ነበር። ቤቱን ሞላነው፤ ደጃፉን ሞላነው፤ የተረፈውን ለጥጃ ጣልነው። በዓመቱ ወደዚያው ስፍራ ስንሮጥ ግን ያገኘነው አልፎ አልፎ ብቅ ያለ አበባና ብዙ ሣር ነበር። አዝነን ወደ ቤት ብንመለስ አያቴ በር ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ነገሩን ስንነግራቸው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩን «አበባውን ስትለቅሙ ዘሩንም አብራችሁ ለቀማችሁት፤ ታዲያ ምን ይብቀልላችሁ ብላችሁ ነው?» አሉን። በዚያን ጊዜ ነገሩ ቁጣ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ትምህርት መሆኑ ገባኝ።

አያቴ የተናገሩት በዕፀዋት ትምህርትም የታወቀ ነው። አደይ አበባ ሊቃውንት ቢደንስ ብለው በሚጠሩት ወገን ውስጥ የሚቆጠር ነው። ስሙም ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሆኖ ሁለት ጥርስ ማለት ነው፤ ይህም የተባለው ከወገኑ ብዙዎቹ በዘራቸው ጫፍ ላይ ጥርስ የመሰለ ሹል ነገር ስላላቸው ነው። እኛ አንድ አበባ ብለን የምናየውም በእርግጥ አንድ አበባ አይደለም። በመካከል ያሉት ጥቃቅን ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው አንድ አበባ ናቸው፤ ዘር የሚቋጥሩትም እነርሱ ናቸው። በዙሪያው ያሉት ቢጫ ቅጠሎች ንብን የሚጠሩ ሰንደቆች ናቸው ማለት ይቻላል። ተክሉ በክረምት በቅሎ፣ በመስከረም አብቦ፣ በበጋ ይደርቃል። ለሚቀጥለው ዓመት የሚተርፈው በምድር ላይ የጣለው ዘር ብቻ ነው። እንግዲህ ከመስኩ የተቆረጠ እያንዳንዱ አበባ ከከርሞው መስክ ላይ የተቀነሰ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ይህን ስል አበባ አትቁረጡ ማለቴ አይደለም። አደይ አበባ ያልገባበት ዕንቁጣጣሽ፣ አደይ አበባ ያልታሰረበት ደመራ እንዴት ይታሰባል? ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ሲዞሩ የሚያበረክቱት ይህንኑ አበባ ነው። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድም ለኢሬቻ በዓል ወደ ውሃ ዳር የሚወረደው እርጥብ ሣርና አበባ ተይዞ ነው። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር ሲጻፍ፣ በዓሉን የሚያደምቀው አበባም አብሮ የታወቀ ያህል ነው። ስለዚህ እንቁረጥ፤ ነገር ግን በልክ እንቁረጥ። እኔ ለልጆቼ ያስተማርኳቸው ደንብ ይህ ነው፤ አበባ ከበዛበት ስፍራ ከሦስት አንዱን ብቻ መውሰድ፣ ጥቂት ካለበት ግን አይቶ ማለፍ። ሁለተኛው ደንብ፣ በመቀስ ወይም በስለት መቁረጥ እንጂ በእጅ ስቦ ከሥር አለመንቀል ነው። ያልተነቀለው ግንድ ከጎኑ ሌላ እንቡጥ አውጥቶ ዘር ለማድረስ ጊዜ ያገኛልና።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው የእርጥብ አበባ እቅፍ ነው። አበባ የሚቆረጠው በማለዳ ጤዛው ከመርገፉ በፊት ነው፤ በዚያን ጊዜ ግንዱ በሌሊት የጠጣውን ውሃ እንደያዘ ነውና። ፀሐይ ከበረታ በኋላ የተቆረጠ አበባ ከቤት ሳይደርስ አንገቱን ይደፋል። ሙሉ በሙሉ የፈካውን ብቻ ሳይሆን ግማሽ የፈካውንም ማቀላቀል ይገባል፤ አንዱ ሲረግፍ ሌላው ይተካዋል። ከቤት ሲደርስ የግንዱን ጫፍ እንደ ገና አግድም መቁረጥና ወዲያው ውሃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። በውሃው ውስጥ የሚገባውን የግንድ ክፍል ቅጠሉን መልቀም አይዘንጋ፤ ውሃ ውስጥ የገባ ቅጠል ይበሰብሳል፤ ውሃውን ያሸተዋል፤ የአበባውንም ዕድሜ ያሳጥራል። ውሃውን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ የለወጠ ሰው ካልለወጠው ይልቅ አበባው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይለታል። ማስቀመጫውም የግድ ውድ የአበባ ዕቃ መሆን የለበትም፤ የሸክላ እንስራ፣ የተሸረፈ ጀበና፣ የታጠበ ቆርቆሮም ቢሆን ያምርበታል።

ሁለተኛው ቄጤማ ነው። ቄጤማ ሣር ይመስላል እንጂ ከሣር ወገን አይደለም። ግንዱን በሁለት ጣታችሁ ይዛችሁ ብታሽከረክሩት ሦስት ማዕዘን እንዳለው ይታወቃችኋል፤ የሣር ግንድ ግን ክብ ነው። የሚበቅለውም በረግረግና በወንዝ ዳር ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ከተማው ሁሉ የሚፈልገው ቄጤማ ከነዚሁ እርጥብ ስፍራዎች የሚመጣ ስለሆነ፣ ረግረጉ ሲደርቅ ወይም ሲታረስ ቄጤማውም አብሮ ይጠፋል። በቅርብ ዓመታት በብዙ ቤት ወለል ላይ የፕላስቲክ ሣር ተነጥፎ እናያለን። ይህ ሣር ሽታ የለውም፤ ሲያረጅም አፈር አይሆንም። ስለዚህ ቄጤማ የምታጭዱ ሰዎች በማጭድ ከሥሩ ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ሥሩ ጭቃው ውስጥ ከቀረ እንደ ገና ያቆጠቁጣል። የምትገዙ ደግሞ ለወለሉ ሁሉ ካልተዳረሰ በቡናው ረከቦት ዙሪያ ብቻ ብትጎዘጉዙት ይበቃል፤ መዓዛው ያው ነው።

ሦስተኛውና ዕድሜው የሚረዝመው የደረቁ ነገሮች ጌጥ ነው። እዚህ ላይ የወቅቱ ጠባይ ይረዳናል። በመስከረም አየሩ ገና እርጥበት ስላለው የተሰቀለ አበባ ሳይደርቅ ይሻግታል። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ግን በደጋው አየሩ ደረቅ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሚሆን ለማድረቅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። የማድረቅ ምሥጢሩ ሦስት ነገር ነው፤ ጥላ፣ ነፋስና ትዕግሥት። ጥላ ያስፈለገበት ምክንያት ፀሐይ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ቀለሙንም ስለምታጠፋው ነው። ነፋስ ያስፈለገው ከግንዱ የሚወጣው እርጥበት በዚያው እንዳይቀመጥና ሻጋታ እንዳያመጣ ነው። እቅፉ ቀጭን ሆኖ በግርጌው ይታሰርና ጫፉ ወደ ታች ተደርጎ ከጣራው ማገር ላይ ይሰቀላል። ተዘቅዝቆ የደረቀ ግንድ ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ ቆሞ የደረቀ ግን ይጎብጣል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ግንዱን ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ፣ ደርቋል ማለት ነው።

ነገር ግን ሁሉም አበባ ለዚህ አይመችም። አደይ አበባ ተሰቅሎ ሲደርቅ ቢጫው ቅጠል ይኮማተራል፤ ብዙውም ይረግፋል። እርሱን ለማቆየት የሚሻለው በወረቀት መካከል መጫን ነው። አበባው በሁለት ጋዜጣ መካከል ተዘርግቶ ይቀመጥና ከላዩ ከባድ መጽሐፍ ወይም ድንጋይ ይጫንበታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወረቀቱ እርጥበት ስለሚጠጣ በየቀኑ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት ሳይነካ ይተዋል። በዚህ ዓይነት የደረቀ አበባ በወፍራም ወረቀት ላይ በጥቂት ሙጫ ተለጥፎ የዕንቁጣጣሽ ስጦታ ይሆናል። ወንዶች ልጆች በቀለም ሥለው ለዘመድ የሚያበረክቱትን የአበባ ሥዕል የሚተካ አይደለም፤ ወንድሙ ነው። ለሩቅ አገር ዘመድ በፖስታ ቢላክ ደግሞ፣ የአገሩን መስከረም ላላየ ሰው ይህ ትልቅ ነገር መሆኑን የተሰደደ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። አበባው ጠፍጣፋ ሳይሆን እንዳለ እንዲቆይ የፈለገ ደግሞ ታጥቦ በፀሐይ ፈጽሞ የደረቀ ደቃቅ የወንዝ አሸዋ በካርቶን ውስጥ አድርጎ፣ አበባውን በቀስታ ይቀብርና ሁለት ሦስት ሳምንት ይተወዋል። አሸዋው ቅጠሉን በየአቅጣጫው ደግፎ ስለሚይዘው መልኩ ሳይበላሽ ይደርቃል።

ለደረቅ ጌጥ ከሁሉ የሚሻለው ግን የእህል ነዶ ነው። ገብስና ስንዴ ፀጉራቸው ረዥም፣ መልካቸው ወርቃማ ስለሆነ ለዓይን ያምራሉ። ለጌጥ የሚሆነው ሙሉ በሙሉ ከመድረቁ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አገዳው መገርጣት ሲጀምር የታጨደው ነው፤ ፈጽሞ የደረቀው ሲነካ ፍሬው ይረግፋል። አርባ ወይም ሃምሳ ዛላ ይበቃል፤ ከዚህ በላይ ከማሳ ላይ ለጌጥ መውሰድ ከገበሬው ጉሮሮ መንጠቅ ነውና አይገባም። ከመከር በኋላ በማሳው ላይ የወደቀውን ቃርሚያ ለቅሞ መጠቀም ደግሞ ከሁሉ የተመረጠ ነው። ዛላዎቹ በርዝመት ይስተካከሉና በልጥ ወይም በቃጫ ከወገባቸው ይታሰራሉ። ከዚያም ማሰሪያውን ይዞ የላዩን ወደ አንድ ወገን፣ የታቹን ወደ ሌላ ወገን ቢያጣምሩት ነዶው በራሱ ይከፈታል፤ ዛላውም እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ይህ ነዶ በበሩ ላይ ወይም ከምድጃ ርቆ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በውጭ አገር ሰዎች ይህንኑ ነገር ክብ አድርገው በበር ላይ ይሰቅሉታል። በእኛ አገር ግን የአበባ ጉንጉን ሲታይ ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው የቀብር ሥነ ሥርዓትና የሐውልት ሥር ስለሆነ፣ እኔ ነዶውን እመርጣለሁ። ነዶ በደጃፍ ላይ ሲታይ የሚያስታውሰን ጥጋብንና ጎተራን ነው።

ከነዶው ጋር የሚስማሙ ሌሎችም ነገሮች አሉ። የነጭ ባሕር ዛፍ ፍሬ በተፈጥሮው የተቀረጸ የእንጨት ቁልፍ ይመስላል፤ በየመንገዱ ዳር ወድቆ ስለሚገኝም ለመልቀም ማንንም አይጎዳም። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ፣ የግራር እምቡጥ ሳይሆን የደረቀ ቆባ፣ በበጋ የሚረግፍ የዛፍ ቅርፊት፣ ወፍ የጣለችው ላባ ሁሉ ይሆናል። እነዚህን የወደቁ ነገሮች በቃጫ ክር ሰክቶ በመስኮት ላይ ማንጠልጠል ለልጆች መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን በስሜንና በባሌ ተራሮች ላይ የሚበቅሉትንና እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሹትን፣ ሳይደርቁም የደረቁ የሚመስሉትን አበቦች የሚያይ መንገደኛ ቢያምሩትም እንኳ አይንካቸው። እነዚህ ስፍራዎች ብሔራዊ ፓርኮች ናቸው፤ በብርድ አገር የሚበቅል ተክልም የሚያድገው እጅግ በዝግታ ነው።

አራተኛው ቅል ነው። ቅል ውሃ መቅጃ፣ ጭልፋ፣ የወተት ዕቃ ሆኖ ለብዙ ዘመን ያገለገለን ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ ቤት ቦታውን ለፕላስቲክ ለቋል። ለጌጥ ግን እንደ እርሱ የሚሆን የለም። ቅሉ ከሐረጉ ላይ የሚቆረጠው ሐረጉ መድረቅ ሲጀምር ነው፤ እጀታው ማለትም አንገቱ ላይ ያለው ቅንጣቢ አብሮ ይቆረጥ። ከዚያም ነፋስ ባለበት ጥላ፣ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ ይቀመጣል። ለመድረቅ ወራት ስለሚፈጅ መቸኮል አይገባም። ከላዩ ሻጋታ ቢያወጣም አትደንግጡ፤ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ከለሰለሰ ግን በስብሷልና ይጣላል። አንሥታችሁ ስትነቀንቁት ፍሬው ውስጡ ከተንኳኳ ደርሷል። አፉ በስለት ይከፈትና ውሃ ተሞልቶ ካደረ በኋላ ውስጡ በቀላሉ ይፋቃል። ላዩን በጋለ ብረት ጫፍ እያቃጠሉ ሐረግ፣ ወፍ፣ የፈለጉትን ሥዕል መቅረጽ ይቻላል። ከውስጡ የወጣውን ፍሬ አድርቃችሁ አስቀምጡ፤ የከርሞው ቅል እርሱ ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው የስፌት ሥራ ነው። እናቶቻችን ክረምቱ እንደ ወጣ ወደ ሜዳ ወርደው ስንደዶና አክርማ ለቅመው ሲመለሱ፣ የቤታቸውን የዓመት ጌጥ ይዘው መመለሳቸው ነበር። መሶቡ፣ ሙዳዩ፣ ሰፌዱ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የግድግዳ ጌጥም ነው። ይህንን በግልጽ ለማየት የሚፈልግ ወደ ሐረር ይሂድ። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው በጀጎል ግንብ ውስጥ ባሉት ቤቶች፣ የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ በልዩ ልዩ ቀለም በተሰፋ ስፌት ያጌጠ ነው። ስፌት በአንድ ምሽት ንግግር የሚማሩት ጥበብ አይደለም፤ ነገር ግን ለመጀመር የሚያስቸግር አይደለም። የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው የሣር እስር ይያዛል። መጠምጠሚያው ሣር እስኪለሰልስ ድረስ በውሃ ይዘፈዘፋል። እስሩ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠቀለለ፣ የቀደመው ዙር በወስፌ ይበሳል፤ መጠምጠሚያው በቀዳዳው ይገባና ጠብቆ ይሳባል። አለላ፣ ማለት ቀለም የተነከረው ሣር፣ በየተራው ሲገባ ጥለቱ ይወጣል። መዳፍ የምታክል የብርጭቆ ማስቀመጫ ለጀማሪ ትበቃለች። በዚህ ሥራ ላይ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው ተረታችን በቃሉ እንዳለ ይሠራል። የደረቀ ሣር አይታጠፍም፤ ይሰበራል። ይህ ስለ ሣሩ ብቻ የተነገረ እንዳይመስላችሁ። ሰፊዋ እናት በሕይወት ሳለች ልጅቱ አጠገቧ ተቀምጣ ካልተማረች፣ ጥበቡም እንዲሁ ይደርቃል።

አሁን ደግሞ ስለ ጥንቃቄ ላሳስባችሁ። የመጀመሪያው እሳት ነው። የደረቀ ነዶ፣ የደረቀ አበባና የደረቀ ቄጤማ ክብሪት የሚጠብቅ ማገዶ መሆኑን አትርሱ። ከሻማ፣ ከቡና ከሰልና ከኤሌክትሪክ ምድጃ አርቁት። በበዓል የተጎዘጎዘው ቄጤማ ሲደርቅ ወዲያው ጠርጋችሁ አውጡት። ከሰል ያለበት ምድጃ በደረቅ ቄጤማ ላይ ሊቀመጥ አይገባም፤ ከሥሩ ሰፊ ትሪ ይደረግበት። ሁለተኛው መርዝ ነው። የጉሎ ፍሬ ዝንጉርጉርና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ልጆች ይወዱታል፤ ክር ውስጥም ሊሰኩት ይፈልጋሉ። ነገር ግን በውስጡ ያለው መርዝ ጥቂት ፍሬ ያኘከን ሕፃን ሊገድል የሚችል ነው። አስተናግር የሚባለውም ተክል እሾሃም ፍሬው ለደረቅ እቅፍ የሚያምር ቢመስልም ከዘሩ እስከ ቅጠሉ መርዛም ነው። የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ደግሞ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ልጆች ወደ ሜዳ ከመውጣታቸው በፊት እነዚህን በጣት አሳይቷቸው። የማያውቁትን ተክል ለአዋቂ ሳያሳዩ ወደ ቤት እንዳያስገቡም ደንብ አድርጉላቸው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ አንዳንድ ሰው «የፕላስቲክ አበባ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ዓመታት የሚቆይ ሲሆን ስለምን ይህን ሁሉ እደክማለሁ?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ የፕላስቲክ አበባ አይጠወልግም። ግን አይመጣምም፤ አይሄድምም። ከእርሱ ጋር አብሮ የሚጠበቅ መስከረም የለም። ከሜዳ የመጣ ጌጥ ባለበት ቤት ግን ሕፃኑ እንኳ ወሩን በጌጡ ያውቀዋል። አደዩ ሲገባ ዓመቱ እንደተለወጠ፣ ነዶው ሲሰቀል መከር እንደገባ፣ ቅሉ ሲንኳኳ በጋው እንደገሰገሰ ያያል። አበባው ሲጠወልግም ነገር ሁሉ ጊዜ እንዳለው ይማራል።

ይህ ግን የሚሆነው ሜዳው ካለ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አበባ የምትቆርጡ ሁሉ አንድ ነገር እንድታደርጉልኝ እለምናችኋለሁ። በኅዳር መጨረሻ ወደቆረጣችሁበት ስፍራ ተመለሱ። በዚያን ጊዜ ያልተቆረጠው አደይ ደርቆ ጠቁሮ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከደረቀው ራስ ላይ አንድ እፍኝ ዘር ውሰዱና በቤታችሁ አጥር ሥር፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በመንገድ ዳር ባለ ባዶ መሬት ላይ በትኑት፤ አፈሩንም በእግራችሁ ጥቂት ጫን ጫን አድርጉት። ክረምቱ የቀረውን ይሠራል። እኔም አያቴ ከተቆጡን ዓመት በኋላ በኅዳር ከታናናሾቼ ጋር ሆነን ከወንዙ ማዶ ያመጣነውን ዘር በዚያ ጠፍ መሬት ላይ በትነን ነበር። በሚቀጥለው መስከረም እንደ ድሮው ከዳር እስከ ዳር አልሆነም፤ ነገር ግን በመካከሉ የምንጣፍ ያህል ስፍራ ቢጫ ሆኖ አገኘነው። በዚያ ዓመት ከዚያ አበባ አንድም አልቆረጥንም።